ከባንኮክ ኩዋላ ላምፑር ስንት ሰዓት ይፈጃል ላልከው ወንድሜ

ከአዲስ አበባ ባንኮክ ገብተህ፣ በዚያው ቀን በሌላ ትኬት ኩዋላ ላምፑር ልትቀጥል እንደሆነ አነበብኩ። በአየር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ትኬቱ ላይ 14:00 ተነስቶ 17:10 ይደርሳል ቢልህ አትደናገር፣ ማሌዥያ ከታይላንድ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስትመለስ ደግሞ የ1 ሰዓት መንገድ ይመስልሃል።

የሚያስቸግርህ ግን በረራው አይደለም።

1. ባንኮክ ሁለት ኤርፖርት አለው። ከቦሌ ሄደህ የምታርፈው ሱቫርናብሁሚ ነው፣ ትኬት ላይ ቢኬኬ ተብሎ ይጻፋል። ርካሽ አየር መንገዶች ግን ብዙዎቹ የሚነሱት ከዶን ሙዋንግ ነው፣ እሱ ዲኤምኬ ነው። በመሃላቸው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

2. ትኬቶቹን ለየብቻ ከገዛህ ሻንጣህ በቀጥታ አይተላለፍልህም። ወጥተህ መውሰድ አለብህ። ለመውጣት የታይላንድ ቪዛ ያስፈልግሃል፣ የማሌዥያው ብቻውን አያስወጣህም። የቢጫ ወባ ካርድህንም ኢሚግሬሽን ከመድረስህ በፊት ነው የሚያዩት፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው።

3. ትኬት ቢሮ የነገረህን ብቻ ይዘህ አትሂድ። እኔ ፊት ለፊት ጠይቄያቸዋለሁ፣ «ሌላ ቦታ መሄድ አለብኝ ወይ?» ብዬ። «ኧረ እዚያው ነው፣ ወርደህ መቀየር ብቻ ነው» አሉኝ። ሱቫርናብሁሚ ደርሼ ቼክ ኢን የት ነው ብዬ ወረቀቴን ሳሳይ፣ መረጃ የምትሰጠዋ ልጅ ዲኤምኬ የሚለውን በእስክሪብቶ አክብባ መለሰችልኝ። በመልሴ ባንኮክ ዕቃ ስለምሸምት ደግነቱ የታይላንድ ቪዛ ነበረኝ። ሻንጣዬን ጎትቼ ታክሲ ያዝኩ። የባንኮክን መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት ያላየ ሰው አይገባውም፣ መኪናው ቆሞ ቆጣሪው ብቻ ነው የሚሄደው። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ዶን ሙዋንግ አድሬ፣ ሌላ ትኬት በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ ሄድኩ። አዲስ አበባ ተመልሼ ስጠይቃቸው «ሲስተሙ ነው ያወጣው» አሉኝ፣ ይቅርታ እንኳ የለም! እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ትኬቴን ራሴ ነው የምቆርጠው፣ የሠፈሬ ነጋዴዎችም ሳያሳዩኝ አይከፍሉም፣ እስካሁን አንዱም በረራ አላመለጠውም።

ከቻልክ ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት አስገባው፣ ያኔ ሻንጣህ እስከ ኩዋላ ላምፑር ይሄዳል። ካልሆነ ከሱቫርናብሁሚ የሚነሳ ፈልግ፣ ትንሽ ቢወደድም ይሻልሃል። የግድ ዶን ሙዋንግ ከሆነብህ በሁለቱ በረራዎች መሃል ቢያንስ የ6 ሰዓት ክፍተት ተው። በሁለቱ ኤርፖርቶች መሃል ነፃ አውቶቡስ አለ፣ የቀጣዩን በረራ ትኬት አሳይተህ ነው የምትሳፈረው፣ እኔ የሰማሁት ለታክሲው ከከፈልኩ በኋላ ነው። ኩዋላ ላምፑር ስትደርስም ተርሚናል 1 ይሁን 2 እወቅ፣ የሚቀበልህ ሰው ሌላኛው ጋ ቆሞ እንዳይጠብቅህ። በመሃላቸው ባቡር አለ፣ 3 ደቂቃ ነው።

ከመክፈልህ በፊት የጉዞ ዝርዝሩን እዚሁ ለጥፈው፣ የፓስፖርት ቁጥርህን ግን ሸፍነው። ማታ አይልሃለሁ።