ቲማቲሙ ላይ ያለው ነጭ ዱቄትና የመንግሥት ምርመራ

እህቴ፣ «አዳማ ገበያ የገዛሁት ቲማቲም ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ፤ መንግሥት ይመረምረዋል? ማጠብስ ይበቃል?» ላልሽው፣ ቆቃ አካባቢ አትክልት እርሻ ላይ ርጭት ተቆጣጣሪ ስለነበርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዱቄቱ ብዙ ጊዜ እንደ ማንኮዜብ ያለ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ላዩ ላይ ስለሚቀር በሚፈስ ውኃ እያሸሽ ብታጥቢው አብዛኛው ይለቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የማይታየው ነው። ተክሉ ውስጥ የሚሰርጉ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱን ውኃም ኮምጣጤም አያወጣቸውም። የሚቀንሳቸው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት መያዣው ላይ የሚጻፈው።

ሕግማ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ማሳ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ለአውሮፓ ፎሶሊያ እንልክ ነበር። እዚያ የተለየ ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም ማለፍ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ርጭት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ የማሳው ቁጥር፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ የረጪው ፊርማ። ቀኑ ያልሞላ ማሳ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን። ፎሶሊያው ቢያረጅም ለቃሚ አይገባም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ቲማቲምስ? ደላላው «ዋጋ ወጥቷል፣ ማታ ይጫን» ካለ፣ ትናንት የተረጨውም ሳጥን ውስጥ ይገባል። መዝገብ የሚጠይቅ አልነበረም። በገበሬው አልፈርድም፤ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ማሳውን ሲወርረው ያልረጨ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፣ ዋጋውም ነገ ይወርዳል።

ገበያ ላይ ናሙና መውሰድ ጥሩ ነው። የምግብ ደረጃ በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ በኮዴክስ፣ መመሪያ ለቲማቲም ቢያንስ 10 ፍሬ፣ 1 ኪሎ ይወሰዳል። ግን ውጤቱ እስኪመጣ ቲማቲሙ ተበልቶ አልቋል። ከየት ማሳ እንደመጣ ካልታወቀ ደግሞ ውጤቱ ማንንም አያርምም። እኔ ብጠየቅ ቁጥጥሩን መኪናው ከሚጫንበት ማሳ እጀምረው ነበር፤ የርጭት መዝገብ የሌለው ጭነት ባይነሳ ደስ ይለኛል።

አንቺ እስከዚያው ቲማቲሙን እያሸሽ እጠቢ። የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠሎቹን ጣያቸው፤ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ለይተሽ እጠቢ። በሳሙናና በበረኪና አትጠቢው፤ ራሳቸው ምግቡ ላይ ይቀራሉ።