እጄ የእኔ አይመስለኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን የመጽሔቱ አዘጋጆች። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እሠራለሁ። በጥቅምት 2014 ውጊያው ከተማችን ሲደርስ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በእግር ወጣን። መንገድ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም። ከተመለስን በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ጫት ለመድኩ፣ አሁን ሳልቅም የምውልበት ቀን የለም። ማታ ምርቃናውን ለመስበር እጠጣለሁ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ሐሺሽ አጨስኩና ራሴን ከላይ ሆኜ የማየው መሰለኝ። ይለቀኛል ስል አለቀቀኝም። አሁን ስነዳ መሪው ላይ ያለው እጄ የእኔ አይመስለኝም። ያደግኩበት ፒያሳ የፊልም ቦታ ይመስለኛል። ሳወራ ድምፄን የሌላ ሰው አድርጌ ነው የምሰማው። በቀደም እናቴ ስታለቅስ አይቼ ምንም አልተሰማኝም፣ ከሁሉም ይሄ አስፈራኝ። አብጄ ነው? ወይስ የድሮው እኔ ሞቷል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። አላበድክም፣ ይህን የምልህ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እጅህ የአንተ «አይመስለኝም» አልክ እንጂ «አይደለም» አላልክም። ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ልዩነት ነው። ስሜቱ እንግዳ ቢሆንም ትክክለኛው ነገር የቱ እንደሆነ አልጠፋህም።

ይህ ስሜት ዲፐርሰናላይዜሽን ይባላል። ሰፈሩ የፊልም ቦታ ሲመስል ደግሞ ዲሪያላይዜሽን ይሉታል። ሁለቱም ዲሶሲየቲቭ ከሚባሉት ሕመሞች ወገን ናቸው። ስሜት፣ ትዝታ፣ ሰውነትና «እኔ» የምንለው ነገር ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት፤ በእነዚህ ሕመሞች ግን ይነጣጠላሉ። ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ዓይነት ግማሽ ያህል ሰው በሕይወቱ አንዴ ያየዋል፤ በድካም ወይም በሐዘን ጊዜ። እንደ አንተ ሳይለቅ የሚቆየው ግን ከ100 ሰው 2 ያህሉን ነው የሚይዘው።

ሰው መሸሽም መታገልም የማይችልበት አደጋ ውስጥ ሲገባ አንጎል አንድ የቀረው መንገድ አለ፤ ስሜትን ይዘጋል። ፍርሃቱ ይደነዝዛል፣ ሕመሙ ይርቃል፣ የሚሆነው ነገር በሌላ ሰው ላይ የሚሆን ይመስላል። ያን ቀን ወንድምህን ይዘህ እንድትራመድ ያስቻለህ ይሄው ሊሆን ይችላል። ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላም ተዘግቶ ሲቀር ነው። ደግሞ መርጦ አይዘጋም፣ ፍርሃቱን ሲዘጋ ፍቅሩንም አብሮ ይዘጋዋል። እናትህ ስታለቅስ ያልተሰማህ ስለማትወዳት አይደለም። የማይወዳት ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር ባላስፈራው፣ ደብዳቤም ባልጻፈ ነበር። የድሮው አንተ አልሞተም።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ። ወሎ ውስጥ ጫት በዱዓና በወዳጃ (በጋራ ጸሎቱ) ላይ ያለውን ቦታ አውቃለሁ፣ ስለሱ አይደለም የማወራው። የማወራው ሳይቃም የማይዋልበት ደረጃ ላይ ስለደረሰው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚሉት አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በ2 ቀን ገደማ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ሁሉም ትኩሱን የሚፈልገው። ያነቃል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምንም ቁስል ባይኖርበት እንኳ ሁሉ ነገር ሕልም ሕልም ይለዋል፤ በአንተ ላይ ደግሞ ቁስሉ አለ። ከዚያ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ በላዩ ጨብሲ ይጨመርበታል፣ መጠጡ ያስተኛሃል እንጂ አያሳርፍህም፣ ጠዋት በሐራራ ትነሳና እንደገና ወደ በርጫው ትሄዳለህ፣ እንዲህ እየተዞረ የተዘጋው ነገር የሚከፈትበት ጊዜ ያጣል።

ሐሺሹ በብዙ ሰው ላይ የሚያመጣው ስሜት በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ጭንቀት ያለበት ሰው ላይ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። አትድገመው። ትንሽም አትሞክር።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ዛሬውኑ የሚጀመረው ባጃጇ ላይ ነው። ስሜቱ ሲመጣ ዳር ያዝና ቁም። ተሳፋሪ ቢቆጣም ቁም። ጫማህን አውልቀህ አስፋልቱን ርገጥ፣ ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃ እጠብ፣ የደሴ ብርድ ለዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ የምታየውን 5 ነገር ድምፅህን አውጥተህ ጥራ፤ የታክሲው ቀለም፣ የሱቁ ታፔላ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ያለው ጉም። ሞኝነት ሊመስልህ ይችላል፣ ግን አንጎልህን አሁን ወዳለህበት ቦታ ይመልሰዋል። ራስህን መስታወት ላይ እያፈጠጡ መፈተሽ ግን ተው፣ ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ጫቱን በአንዴ መተው ካልቻልክ መጠኑን ቀንስ፣ ሰዓቱንም ወደ ቀን አምጣው፣ ማታ እንቅልፍ እንድታገኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ንዴትና ቅዠት ይኖራል፣ ያልፋል። መጠጡን በተመለከተ ግን ተጠንቀቅ። በየቀኑ በብዛት የምትጠጣ ከሆነ በአንድ ቀን አትቁረጠው፤ ሰውነት የሚንቀጠቀጥበትና የሚጥል ሕመም የሚመጣበት ሰው አለ። ይህ ከሐኪም ጋር ነው የሚሠራው።

ደሴ ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሂድ። ስለ ጫትና ሐሺሽ ሲጠይቁህ አትደብቅ፤ ሊፈርዱብህ ሳይሆን ስሜቱ ከዕፁ ነው ወይስ ከቁስሉ የሚለውን ለመለየት ነው። ለዚህ ሕመም ተብሎ የተሠራ ኪኒን የለም። ድብርትና ጭንቀት ካለብህ ለሱ ይሰጥሃል፣ ዋናው ሕክምና ግን ንግግር ነው። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ ያየኸውን ሁሉ ተናገር የሚልህ ካለ «ገና ነኝ» በለው። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ከዚያ መረጋጋት፣ ትዝታው ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ይነካል። መኖር ያስጠላህ ቀን ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ወንድምህን ይዘህ በዚያው ሰዓት ሂድ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። የ22 ዓመት ታናሽ እህቴ ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። አንዳንዴ ድምፅዋ ተለውጦ በሌላ ስም ራሷን ትጠራለች፣ ስትመለስ ምንም አታስታውስም። አንድ ቀን ሐርቡ ነው የተገኘችው፣ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ጎረቤት ዛር ነው ይላል፣ ሌላው ታስመስላለች ይላል። ጢስ አጥነናታል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እያስመሰለች አይመስለኝም። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ትዝታው ተቆርጦ ሊጠፋ፣ እግሩ ወደመራው ሄዶ ራሱን ሌላ ከተማ ሊያገኘው ይችላል። ሌላ ማንነት ወይም መንፈስ ገባብኝ የሚለው ሁኔታም በሕክምናው የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አለ። በባህልና በእምነት ሥርዓት ውስጥ በፈቃድ የሚሆነውን ግን በሽታ አይለውም። የእህትሽ ሳትፈልገው እየመጣ ኑሮዋን እያወከ ነው፣ ስለዚህ መታከም አለበት።

መጀመሪያ የሚጥል በሽታ አለመሆኑ ይታይ፤ እሱም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ሁኔታው ከመምጣቱ በፊትና ካለፈ በኋላ ያየሽውን ለሐኪሙ አንቺ ንገሪ፣ እሷ አታስታውሰውምና።

ጸበሉንም ዱዓውንም አልከለክልሽም። ብቻዋን አለመሆኗ ከተሰማት ይረዳታል። ግን መድኃኒት ከታዘዘላት አታቋርጡ። ጢሱን አቁሙ። መምታት፣ ማሰር፣ ማስራብ የለም፤ እነዚህ በቁስል ላይ ሌላ ቁስል ናቸው፣ የሚያስፈራት ነገር በበዛ ቁጥር ደጋግማ ትሄዳለች። «ማን ነህ? ስምህ ማን ነው? ምን ትፈልጋለህ?» እያላችሁ የመጣውን አትመርምሩ፣ ማናገሩ ያጠናክረዋል። ይልቅ በራሷ ስም ጥሯት። «እኔ እህትሽ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ቤታችን ነን፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» በሏት፣ በቀስታ።

እዚያ ምን እንደደረሰባት አትጫኗት። ራሷ ካወራች ስሟት፣ «ለምን ዝም አልሽ?» አትበሏት። እስከዚያው የቤታችሁን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በየልብሷ ኪስ አድርጉላት፣ ለባጃጅና ለታክሲ ተራ አስከባሪዎችም አሳውቁ።