ካሲዮህ አልተበላሸም፤ ቀንና ሌሊቱ ተገልብጦበት ነው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሴራሚክ የሚያነጥፍ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ሰላም ነዎት ጋሼ? ካሲዮ ኤፍ-91 ደብልዩ ገዛሁ። ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም ብለውኝ ነው። እጄ ላይ ሳስረው ግን የልጅ መጫወቻ መሰለኝ፤ ከማቅለሉ የተነሳ ያለም አይመስልም። በዚያ ላይ በእኛ ሰዓት ብሞላው ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። ሌሊት 11፡30 እንዲቀሰቅሰኝ የሞላሁት አላርም ከሰዓት በኋላ 11፡30 ላይ፣ ዕቃ ስንሰበስብ ይጮሃል። ትናንት ደግሞ ምሳ በልቼ ባየው 19 ይላል። ፌክ ሸጠውልኝ ነው? ልመልሰው?»

አትመልሰው፤ ሰዓትህ ጤነኛ ነው። የነገርከኝ ሦስት ችግር ምንጩ አንድ ነው። ስትሞላው ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን አድርገህበታል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ላይ «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡልኝ አዳዲስ ዲጂታሎች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኸው ነው። ካቻቢቴ ሳላነሳ ይድናሉ። ገንዘብ ግን አይገኝባቸውም።

ሰዓቱ የተሠራው ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዓታት ያለ ምልክት ያሳይሃል። በቀሪዎቹ 12 ላይ ፒ ኤም የሚል ትንሽ ምልክት ያወጣል። ፒ ኤም ሲጠፋ ቀኑን አንድ ይጨምራል። የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ፀሐይ ወጣች ገባች ጉዳዩ አይደለም። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ የእሱን «እኩለ ሌሊት» የምናስቀምጥበትን ቦታ መርጠን መሙላት አለብን። ወይ ንጋት 12 ላይ ነው፣ ወይ ማታ 12 ላይ። አንተ ሳታውቀው ማታውን መርጠሃል።

በነገራችን ላይ፣ አያቶቻችን የአንተን አሞላል ሳይወዱት አይቀሩም ነበር። የቅዳሜን ሌሊት «ለእሁድ አጥቢያ» ብለው ለመጪው ቀን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ለሥራና ለቀጠሮ ግን ንጋት ላይ የሚቀየር ቀን ይሻላል።

19 ያለህ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለው ቁልፍ ተነክቶ ነው። ሰዓቱን እያሳየህ ሳለ ያንን ቁልፍ አንዴ ስትጫነው ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይገባል፣ እንደገና ስትጫነው ይመለሳል። ቀን 7 ሰዓት በአንተ አሞላል የፒ ኤም 7 ስለሆነ 19 ሆነ። ሴራሚክ ስትሸከም የእጅህ አንጓ ነክቶት ይሆናል።

አሁን እናስተካክለው። ጠዋት ላይ ብታደርገው አይምታታብህም። በግራ በኩል ታች ያለውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጫን። አንዴ ስትጫን አላርም ይመጣል፣ ሁለተኛው ስቶፕዋች ነው፣ ሦስተኛው መሙያው። ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ስልክህን አጠገብህ አድርግና ደቂቃው ሲለወጥ የቀኙን ቁልፍ ተጫን፤ ሰከንዱ 00 ይሆናል። ከ30 አልፎ ከነበረ ደቂቃውንም አንድ ይጨምርልሃል፣ አትደንግጥ። ቀጥሎ በግራ በኩል ላይ ያለውን የመብራቱን ቁልፍ ስትጫን ወደ ሰዓቱ ያልፋል። ቁጥሩን የምትቀይረው በቀኙ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ 1 ላይ አድርሰው፣ ግን ፒ ኤም ካለበት እዚያ አትቁም። ዙሩን ጨርሰህ እንደገና 1 ላይ ስትደርስ ምልክቱ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ከዚያ በመብራቱ ቁልፍ እያለፍክ ደቂቃውን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ዕለቱን ሙላ። ስትጨርስ የግራውን ታችኛ ተጫንና ውጣ። ከዛሬ ጀምሮ ምልክት ከሌለ ቀን ነው፣ ፒ ኤም ካለ ሌሊት ነው።

አላርሙም በዚሁ ይሄዳል። ሌሊት 11፡30 ለመነሳት ፒ ኤም ያለበትን 11፡30 ሙላ። እዚያው አላርሙ ላይ እንዳለህ፣ ምንም ቁጥር ብልጭ ሳይል የቀኙን ቁልፍ እየደጋገምክ ብትጫን አላርሙና በየሰዓቱ ጢጥ የሚለው ድምፅ በየተራ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ብዙ ሰው አላርሙን ሞልቶ፣ ማብራቱን ይረሳና ሥራ ያረፍዳል።

የእኛን ቀን መቁጠሪያ ልሙላበት ካልክ ይቻላል፣ ግን ትንሽ ብልሃት ይፈልጋል። ይህ ሞዴል ዓመተ ምሕረት አያውቅም፤ የፈረንጁን ፌብሩዋሪ ሁልጊዜ 28 ቀን ያደርገዋል። ወሩም ሰዓቱ በሚታይበት ገጽ ላይ አይወጣም፤ የሚታየው ቀኑና ዕለቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ወሩን 4 አድርገህ ሙላው፤ ኤፕሪል እንደኛ ወር 30 ቀን ነው። 30 ሲሞላ ወደ 1 ይመለስልሃል፣ ወሩ ግን 31 ቀን ወዳለው 5 ያልፋል። ወሩ ሳያልቅ መልሰህ 4 አድርገው። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ራስህ ወደ 1 መልሰው። ዕለቱ ለብቻው ስለሚሞላ አይዛባም። ዓመተ ምሕረት የሚሞላባቸው ሰዓቶች ላይ ግን ይህን አትሞክር፤ ዕለቱን ራሳቸው ስለሚያሰሉ ሰኞን ሐሙስ ይሉሃል።

ስለ ቅለቱ ያልከው እውነት ነው። 21 ግራም ነው፤ ለእጅ ምንም ማለት አይደለም። ግን እሱን የሚያኖረው ቅለቱ ነው፤ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚያርፍበት ኃይል ትንሽ ነው። በፈረንጁ ከ1989 ጀምሮ ይኸው ገበያ ላይ አለ። ያም ሆኖ «ጠንካራ» ሲሉህ ልክ አለው። ለመውደቅ ታስቦ የተሠራው ጂ-ሾክ ነው። ኪኩዎ ኢቤ የተባለው የካሲዮ መሐንዲስ ከ10 ሜትር ወድቆ የማይሰበር ሰዓት ልሥራ ብሎ ተነስቶ፣ በፈረንጁ በ1983 ለገበያ የቀረበ ነው። ዋጋውም እንደዚያው ነው። መሀል ላይ ደብልዩ-800 ኤች የሚባል ካሲዮ አለ፤ እስከ 100 ሜትር የውሃ ግፊት ይችላል፣ ባትሪውም ወደ 10 ዓመት ይሄዳል። ሥራህ ውሃ የበዛበት ቢሆን ለአንተ እሱን እመርጥልህ ነበር። የያዝከውን ግን በእሱ ለመቀየር አትቸኩል።

የአንተ ሰዓት ዝናብና እጅ መታጠብ አያስፈራውም። መዋኘትና ሙቅ ሻወር ግን ይቅርበት። እርጥብ ሳለ ቁልፎቹን አትጫን፤ ውሃ የሚገባው በእነሱ ነው። ለአንተ ከውሃው ይልቅ የሚያሰጋህ ሲሚንቶ ነው። ቁልፉ ሥር ገብቶ ከደረቀ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል፣ ሰዓቱም ያብዳል። ማታ ማታ ሳይደርቅ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው፣ ቁልፎቹ ዙሪያ በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አፅዳው። መስታወቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ይጫጫራል። ቀላል ጭረት በነጭ የጥርስ ሳሙናና በጥጥ ቀስ ብለህ ብታሸው ይለቃል።

ፌክ ነው ወይ ላልከው፣ ሰዓቱን እያሳየህ ሳለ የቀኙን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዘው። ካሲዮ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከወጣ ጥሩ ምልክት ነው። እሱን የሚያስመስሉ ኮፒዎችም ስላሉ የጀርባውን ጽሑፍ ጥራትና የቁልፎቹን አጫጫን አብረህ እይ። በወር እስከ 30 ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ግን ኦሪጅናሉም ያደርገዋል፣ ለእሱ አትጨነቅ። ባትሪው ሲአር-2016 ነው፣ ወደ 7 ዓመት ይሄዳል። እስከዚያ ጀርባው ላይ ያሉትን አራት ትንንሽ ብሎኖች ማንም እንዳይፈታቸው፤ ክዳኑ ሥር ያለችው ቀጭን ጎማ ተጣማ ከተገጠመች ውሃ መግቢያ ትሆናለች።