«ተጫወተ» በቤዝቦል ሜዳ

ጥያቄ፦ ስለ ቤዝቦልና ሙዚቃ በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ «ናንሲ ፋውስት ዘፈኑን ስትጫወት ተጫዋቹ ሊጫወት ይገባል» ብዬ ነበር። ያነበቡልኝ ሰው ግን ሴትዮዋ ዘፋኝ መሰለቻቸው። ኦርጋን የምትመታ መሆኗን በምን ግስ ልግለጽ?

መልስ፦ ያነበቡልዎት ሰው አልተሳሳቱም። በአማርኛ «ይህን ዘፈን የተጫወተው እገሌ ነው» ሲባል የሚታሰበን በድምፁ ያዜመው ሰው እንጂ መሣሪያውን የያዘው አይደለም። ናንሲ ፋውስት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2010 ለቺካጎው ዋይት ሶክስ የቤዝቦል ቡድን በኦርጋን ዜማ ስታሰማ የኖረች፣ መቺው (ኳሱን በዱላ የሚመታው ተጫዋች) ወደ ሜዳ ሲወጣ ከስሙ ጋር የሚገናኝ ዜማ በመምረጥም የታወቀች ባለሙያ ናት።

አማርኛ ለነባር መሣሪያዎቹ አንድ የወል ግስ አላበጀም። ዋሽንት ይነፋል፣ በገና ይደረደራል፣ ከበሮ ይመታል፣ ማሲንቆ ይመታል ወይም ይገዘገዛል፤ ግሱ የሚገኘው እጅ ወይም እስትንፋስ በመሣሪያው ላይ ከሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ሀብት እጅግ እወደዋለሁ፤ «ተጫወተ» ሁሉንም ሲውጠው ማየትም ያሳዝነኛል። ሆኖም እንደ ፒያኖና ኦርጋን ላሉ ከውጭ ለመጡ መሣሪያዎች «ተጫወተ» በአፍም በጽሑፍም ስለ ጸና «ኦርጋን ተጫወተች» ስሕተት ነው አልልም። የእርስዎ ችግር የግሱ ተሳቢ ኦርጋኑ ሳይሆን ዘፈኑ መሆኑ፣ በዚያም ላይ «ተጫዋቹ ሊጫወት» የሚለው ተከትሎ መምጣቱ ነው። «ናንሲ ፋውስት ዜማውን በኦርጋን ስታሰማ መቺው ወደ ሜዳ ይገባል» ቢሉ ሁሉም ግልጽ ይሆናል። «መቺ» ማሲንቆ መቺንም ያስታውሳል ብለው አይስጉ፤ ከኳስ ጋር ሲነገር ማንም አይሳሳተውም።

በጽሑፍዎ ወደ ዛሬው ዘመን ከተሻገሩ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስታዲየም ኦርጋን እዚያው ቺካጎ፣ በሪግሊ ፊልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲጀመር ዜማውን የሚያሰማው በቦታው የተቀመጠ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ብዙውን ጊዜ መቺው ሲገባ የሚሰማው ራሱ የመረጠው የተቀረጸ ዘፈን ነው። እንግሊዝኛው ለዚህም ያንኑ «play» የሚለውን ግስ ቢጠቀም፣ በአማርኛ ድምፅ ማጉያ አይጫወትም፤ ዘፈን ይከፈታል ወይም ይለቀቃል። ስለዚህ «መቺው ሲገባ የመረጠው ዘፈን ተለቀቀ» ብለው ይጻፉ።