ያ የዳር መስመር የማን ነው?

በዚህ ወር የአስፋልት አንዱ መስመር ለእግረኛና ለአውቶቡስ ይሰጥ ስለሚለው ሐሳብ ሦስት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቱም ከመሀል ከተማ ናቸው። አብሬ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የሠፈራችን ዋና አስፋልት በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት መስመር አለው። አሁን አንዱ ለእግረኛና ለአውቶቡስ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ሠፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ዕድር ላይ ሳይቀር ሰው ተጯጩኋል። እኔ ጠዋት ጠዋት ልጆቼን በመኪና ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ሁለት መስመር ኖሮት እንኳን አይንቀሳቀስም። አንዱን ሲወስዱብን ምን ሊውጠን ነው? ሒሳቡ አልገባኝም።
(የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡን እንሥራዋ። በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ። አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናህን ትተህ አስፋልቱ ዳር ሩብ ሰዓት ብቻ ቁም። መሪ ሳትይዝ እየው።

እኔ ከቤቴ ብዙ በማይርቅ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። ዳሩ መስመር ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ የቆመ የቤት መኪና ነው፤ ባለቤቱ ዳቦ ሊገዛ ወርዷል። ከሱ ቀጥሎ ሲሚንቶ የሚያራግፍ አይሱዙ አለ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሦስት ሚኒባሶች ተደርድረው ይጭናሉ፣ ረዳቶቹ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" ይላሉ፣ ሰልፉ ደግሞ የእግረኛ መንገዱ አልበቃ ብሎት አስፋልት ላይ ወርዷል። ከኋላ የሚመጣው መኪና ዳር ዳሩን ይይዝና አይሱዙው ጋ ሲደርስ ወደ መሀል ይሰነቀራል፣ መሀል ያለው ፍሬን ይይዛል፣ ከሱ ኋላ ያለው ክላክስ ይጀምራል። እንግዲህ ይሄ ነው ባለ ሁለት መስመር የምንለው። ሁለተኛው መስመር በቀለም አለ፣ በሥራ ግን የለም። አንተን ጠዋት የሚያቆምህም ከመስመር ማነሱ ይልቅ ይሄ መውጣትና መግባት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የከተማ መንገድ ነዳፊዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። ስፋቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ መስመር የቤት መኪና ሲሄድበት በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ሆኖ አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ከመጣ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። የእግረኛ መንገድ ከሆነ እስከ 9,000 ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ የማያንሰው ጉዞ በእግር ነው የሚካሄደው። የምንቆጥረው መኪና ከሆነ መስመሩን መስጠት ኪሳራ ነው። ሰው ከቆጠርን ግን ትርፍ ነው፣ ያውም ብዙ።

"ታዲያ መንገዱ ለምን አይሰፋም?" የሚል ጎረቤት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አሜሪካ፣ ሂውስተን ከተማ ውስጥ አንድ አውራ ጎዳና የጎን መንገዶቹን ጨምሮ እስከ 26 መስመር ድረስ እንዲሰፋ ተደርጓል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መልሶ ተጨናነቀ፣ ምክንያቱም መንገዱ ስለሰፋ ድሮ የማይነዳውም ሰው መንዳት ጀመረ። የደቡብ ኮርያዋ ሴኡል ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2003 መሀል ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ማፍረስ ጀመረች፣ በ2005 በቦታው ወንዝና የእግር መንገድ ተከፈተ። ከተማዋ አልቆመችም።

እኔ መስመሩ ይሰጥ ባይ ነኝ። ሳልሸሽግ ነው የምነግርህ። ግን በምንም ዓይነት ይሁን አልልም። ታክሲ የሚጭንበት ገባ ያለ ቦታ ካልተሠራለት የቀረውን አንድ መስመር ይዞ ይቆማል፤ ያኔ ያልከው ሁሉ ትክክል ይሆናል። ሌላው፣ አቋራጭ ፈላጊው ሹፌር ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት የኮብልስቶን መንገድ መግባቱ አይቀርም። እዚያ መግቢያው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ቀድሞ ይሠራ። ሌላ አገር በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት የነበረውን ወደ አንድ አንድ ቀንሰው መሀሉን ለሚታጠፍ መኪና ሲሰጡት ብዙ ጊዜ የሚመክሩት በቀን እስከ 20,000 ገደማ መኪና ለሚያልፍበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሠፈሩ በጉዳዩ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የምትጠይቁት "በዚህ መንገድ በቀን ስንት መኪና፣ ስንትስ ሰው ያልፋል? ተቆጥሯል ወይ?" ይሁን። የሰውም የመኪናም ቆጠራ ሳይቀርብ ማንም እጅ አያውጣ።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ደንበኛ መኪናውን የሚያቆምበት ካጣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዕቃስ በምን ይገባልኛል? ለእኛ የሚያስብ የለም።
(ነጋዴ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የዕቃው ነገር እውነትዎን ነው። እሱ ሳይመለስ ሥራው መጀመር የለበትም። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም፤ ማራገፊያ ቦታ ይከለላል፣ ጠዋት በማለዳና ማታ ሰዓት ይሰጠዋል፣ በቃ። ይሄን በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻው ለወረዳውም ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንትም ይግባ፣ ጎረቤት ነጋዴዎችም ይፈርሙበት።

ስለ ደንበኛው ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለአንድ ሳምንት የሚገባውን ሰው ሁሉ "በምን መጣህ?" ይበሉት። ደብተር ላይ ይያዙት። የእኔ ግምት አብዛኛው በእግሩ ወይ ከታክሲ ወርዶ የሚመጣ ነው። በርዎ ላይ ጠዋት የቆመችውና እስከ ማታ የማትነሳዋ መኪናስ የደንበኛ ናት? ብዙ ጊዜ የጎረቤት ቢሮ ሠራተኛ መኪና ናት።

እኔ በበኩሌ የምፈራልዎት ግንባታውን ነው። የእህቴ ሱቅ በር ላይ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ተቆፍሮ ወራት ከረመ። ደንበኛ በጣውላ ላይ እየተሻገረ ነበር የሚገባው፣ ዝናብ ሲጥል እሱም ይቀራል። ያ ቀልድ አልነበረም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት ሙከራ ይደረግ ይበሉ። በቀለምና በሚነሳ ነገር መስመሩን ከልሎ ጥቂት ወር ማየት ይቻላል። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዲህ ተሞክሮ ያውቃል። ካልሠራ ቀለሙ ይፋቃል፣ ከሠራ ያኔ ይቆፈር፤ የሚያልቅበት ቀንም በርዎ ላይ ይለጠፍ።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመቷን አልፋለች። በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም አራት መስመር ታቋርጣለች። ዜብራ አለ፣ ግን ባለፈው ለጥቂት ነው የተረፈችው። መስመር መቀነሱ ለሷ ይጠቅማት ይሆን?
(ልጇ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይጠቅማታል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ለሷ ነው።

ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ዳር ያለው መኪና ለእናትሽ ይቆምላታል። እሷም አመስግና ትራመዳለች። መሀለኛው መስመር ላይ የሚመጣው ሹፌር ግን የቆመው መኪና ከልሎበት አያያትም። ሚኒባስ ከሆነማ ጭራሽ አያያትም። በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ይሄ ነገር የለም፤ የቆመላት መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። መሀል ላይ ማረፊያ ካላት ደግሞ መጀመሪያ ግራዋን አይታ ትሻገራለች፣ ታርፋለች፣ ከዚያ ቀኟን ታያለች። አሜሪካ ውስጥ ባለ አራት መስመር መንገዶች በየአቅጣጫው ወደ አንድ መስመርና መሀል ላይ ወደ መታጠፊያ ሲቀነሱ አደጋው ከ19 እስከ 47 በመቶ ወርዷል። ፍጥነትም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ሠፈራችሁ በጉዳዩ ሲሰበሰብ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። ራሷ ትናገር። እስከዚያው ግን ይሄን ንገሪያት፦ የመጀመሪያው መኪና ሲቆምላት ቀጥ ብላ አትሂድ። አፍንጫው ጋ ስትደርስ ትቁም፣ አንገቷን ወጣ አድርጋ የሚቀጥለውን መስመር ትይ፣ ሁለተኛው ሹፌርም መቆሙን በዓይኗ ካየች በኋላ ትራመድ። ነጠላዋም ነጭ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ስትወጣ ከላይ ትልበሰው፣ ከጥቁር ካፖርት በታች አታድርገው።