የባልዲ አቮካዶና የኅዳር ውርጭ፦ ጥያቄና መልስ

ሱሉልታ በረንዳዬ ላይ በባልዲና በግማሽ በርሜል ፍራፍሬ አበቅላለሁ። ጥቅምት ሲገባ ጥያቄው ይበዛል። የደረሱኝን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጎረቤቴ አቮካዶ መሬት ላይ ነው፣ ምንም አልሆነም። የኔ ባልዲ ውስጥ ያለው ግን ጠቆረ። ለምን?

መልስ፦ መሬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። የባልዲ አፈር ግን ጥቂት ነው፣ ብርዱም በዙሪያው ሁሉ ያገኘዋል። ሥር ደግሞ ከግንድ ይልቅ ብርድ አይችልም። ባልዲዎቹን ግድግዳ ሥር አጠጋግተህ በጆንያ ጠቅልላቸው። ዘሩንም እይ። ሀስ የሚባለው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ይጎዳል። የሜክሲኮው ዘር ካደገ በኋላ ከዜሮ በታች እስከ 6 ዲግሪ ይችላል። ቅጠሉን ስታሸው ብዙ ጊዜ እንስላል እንስላል ይላል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ሌሊት ልፍራ?

መልስ፦ ሰማዩ ጥርት ያለበትን፣ ነፋስም የሌለበትን። ደመና ካለ ተኚ። ደመና እንደ ጋቢ ነው። ሰማዩ ሲገለጥ የቅጠሉ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ከተዳፋቱ ይልቅ የኛ ሜዳ የሚመታው። ዋናው ሰዓት ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ነው። ባልዲውን ከቤቱ ክፈፍ ሥር ብቻ ብታስገቢው እንኳ ብዙ ለውጥ ታያለሽ። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ማንጎስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለጋ ማንጎ ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ሊገድለው ይችላል። ቢተርፍም ብርድ የመታው አበባ ፍሬ አይቋጥርም። የአርባ ምንጭና የአሶሳ ሙቀት ልጅ ነው። ካዝሚር ትከዪ፤ ደጋ ይስማማዋል፣ ካደገም ቀላል ውርጭ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፓፓያ?

መልስ፦ አልመክርም። ብርድና እርጥብ አፈር ከተገናኙበት ሥሩ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ በላስቲክ ብሸፍነው ይሻላል?

መልስ፦ ላስቲክ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። እንጨት አቁመህ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ጣልበት፣ እስከ መሬት ይድረስ። ፀሐይ ስትወጣ ግለጠው። አፈሩም ደርቆ አይደር፤ ረጠብ ያለ አፈር ሙቀት ይይዛል። ግን አይጨቅይ።

ጥያቄ፦ ማዳበሪያስ?

መልስ፦ ከመስቀል በኋላ አቁሙ። ማዳበሪያ ለጋ ቅጠል ያስወጣል፤ ያ ደግሞ ውርጭን መመገብ ነው።

ጥያቄ፦ ሎሚዬ ተለብልቧል። የደረቀውን ልቁረጠው?

መልስ፦ እባክሽ አትቸኩዪ። የደረቀው ቅርንጫፍ ከሥሩ ያለውን ከቀጣዩ ውርጭ ይከልላል። እኔ በታኅሣሥ ቆርጬ አንድ ሎሚ አጥቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ልጡን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ እንቡጥ ሲያወጣ የሞተው ራሱ ይለያል፤ ያኔ ትቆርጪዋለሽ።