ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ክራሽ ስለሚያደርግ ኮምፒውተር ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ኮምፒውተሩ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። (በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፣ በሽታው ግን ያው ነው።) ዛሬ እነሱን ብቻ እንይ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ በቀን ሁለት ሦስቴ ሰማያዊ ይሆናል። የሚያመጣው ጽሑፍ ይለያያል፤ አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል፣ አንዴ «ፔጅ ፎልት»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የማላውቀው ነገር። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግኩት፤ ለትንሽ ቀን ደህና ይሆንና ይብስበታል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሦስተኛ ፎርማት እንዳታስደርግ። ብዙ ጥገና ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ቀላል ነው፣ ያስከፍላል፣ ብዙ ማሰብም አይጠይቅም። ግን ፎርማት የሚነካው ዲስኩን ነው። ራሙ (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ከተበላሸ አዲሱ ዊንዶውስም የሚሠራው በዚያው በተበላሸ ራም ላይ ነው።

እኔ የምጠረጥረው ራሙን ነው። ድራይቨር (ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጸባዩ አንድ ነው፤ ያንኑ ሥራ ስትሠራ ያንኑ ኮድ ያመጣል። ራም ላይ ግን የተበላሸችው ቦታ ላይ ዛሬ ብሮውዘሩ፣ ነገ ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሊያርፍ ስለሚችል ስህተቱ ይለዋወጣል። ያወረድከው ዚፕ ፋይል አንዴ «ተበላሽቷል» ብሎህ ደግመህ ስትሞክረው የሚከፈት ከሆነ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብለህ ፈልግና ይፈትሽልህ። ምንም አላገኘሁም ቢልህ አትመነው። ከፍላሽ የሚነሳውን ሜምቴስት86 ጭነህ ሌሊቱን ሙሉ ተወው። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ጉዳዩ አለቀ፤ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ፣ የፓወር ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ። ራሙን ግራና ቀኝ የያዙትን ብረቶች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጋቸው ራሱ ብድግ ይላል። ጠርዙን ይዘህ ሳብ፣ ወርቃማዎቹን ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግ፣ ብናኙን አራግፍና ቀጭ እስኪል መልሰው። አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሁለት ራም ካለው አንዷን ብቻ ሰክተህ ፈትሽ፣ ቀጥሎ ሌላዋን። ስህተቱ ራሟን ተከትሎ ከሄደ ራሟን ቀይር። ስህተቱ የሚመጣው የትኛዋም ራም አንዱ ስሎት (የራም መሰኪያ) ላይ ስትገባ ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ የማዘርቦርዱ ነው።

ጥያቄ፦ ዙም ላይ ስሆን ወይም ቪዲዮ ሳይ ስክሪኑ ብልጭ ይልና «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» ብሎ ይወድቃል። የጀመረው አፕዴት ካደረገ ወዲህ ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያንቺስ ድራይቨር ነው፣ የግራፊክሱ። ዊንዶውስ ለግራፊክስ ካርዱ ሥራ ሰጥቶ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ካጣ ድራይቨሩን ለማስነሳት ይሞክራል፤ ብልጭ የሚለው ያኔ ነው። እሱም እምቢ ካለ ሰማያዊው ይመጣል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተሽ የዲስፕሌይ አዳፕተሩን ፕሮፐርቲ ክፈቺ፣ «ድራይቨር» የሚለው ታብ ላይ «ሮል ባክ» በዪው፤ ወደ ድሮው ይመለሳል። ቁልፉ ከደበዘዘ የሚመለስበት የለም ማለት ነው፤ የላፕቶፕሽን ሞዴል ይዘሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ።

«አዲስ ሁሌ ይሻላል» የሚሉሽን አትስሚ። ያረጀ ድራይቨር ችግር ያመጣል፣ እውነት ነው፤ ግን ጁላይ 19 ቀን 2024 ላይ 8.5 ሚሊዮን የሚገመት የዊንዶውስ ኮምፒውተር የጣለው የክራውድስትራይክ (የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅት) ችግር የመጣው ከአዲስ አፕዴት ነበር። ኤርፖርት ሳይቀር ቆሟል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ የሚያድስ ፕሮግራም ከነክራኩ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ከሚያደርገው ፋይል ጋር) አገኘሁ። ልጫነው?

መልስ፦ ኧረ ተወው! የማይሆን ድራይቨር ሊጭንብህ ይችላል፣ ክራኩ ደግሞ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም። ዊንዶውስ አፕዴትና የአምራቹ ድረ ገጽ ይበቁሃል።

ጥያቄ፦ የኔ ዴስክቶፕ ምንም ጽሑፍ ሳያሳይ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ላይ «ከርነል ፓወር 41» ይላል።

መልስ፦ 41 የሚነግርህ በአግባቡ ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው፣ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ድራይቨሩን ለጊዜው ተወውና ሙቀትና ኃይል ላይ አተኩር። ፋኑ በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ እይ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ቀይረህ ሞክር። የሰፈርህ መብራት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር አትጠቀም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለላፕቶፑ ራም ልልክለት ነው፤ የነገረኝ «8 ጂቢ» ብሎ ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። ራም በየትውልዱ ይለያያል፤ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የላፕቶፑ ራም ደግሞ ከዴስክቶፑ ያጥራል። አሁን ያለውን ራም አውጥቶ ስቲከሩን ፎቶ ያንሳልሽ። «ፒሲ4» ካለ ዲዲአር4 ነው። «ፒሲ3ኤል» ካለ በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3 ነው፤ ተራውን ባለ 1.5 ቮልት ከላክሽለት ላፕቶፑ ላይነሳ ይችላል። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» ላይ ገብቶ ባዶ ስሎት መኖሩንም ይይልሽ። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ የሱም እንደዚያ ከሆነና ባዶ ስሎት ከሌለው ብርሽን አታውጪ።